አስከሬን ሳያይ የማይለፍፍ ሰው

ጋሽ ሎምባሞ ማረፉን የሰማሁት በቴሌግራም ነው። ከላዩ የሲሚንቶ ማስታወቂያ፣ ከሥሩ የሚከራይ ሰርቪስ ቤት፣ መሐል ላይ ደግሞ «የቀድሞ የእድራችን ጡሩንባ ነፊ አቶ ሎምባሞ ስላረፉ ቀብራቸው ነገ በስድስት ሰዓት ይፈጸማል» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጭቃውም በብርዱም የዚህን ከተማ ሰው ሞት በእግሩ እየዞረ ያደረሰ ሰው፣ የራሱ ቀን ሲመጣ አንድ የሚዞርለት ጠፋ። ይባስ ብሎ አንዱ ከሥሩ አውራ ጣት ለጥፎበታል። የማነው ጅል ብዬ ስሙን ሳይ የማውቀው ልጅ ሆኖ አገኘሁት፤ ሰርጉን የቀረጽኩለት እኔ ነኝ።

ሳሚ እባላለሁ። ሆሳዕና መናኸሪያው አጠገብ የአባቴን ፎቶ ቤት ወርሼ እሠራለሁ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ በጥቁርና ነጭ ጉርድ ፎቶ የጀመረውን እኔ በሰርግና በምረቃ ቪዲዮ ቀጠልኩት። ስለ እኔ ይሄ ይበቃል። ስለ ጋሽ ሎምባሞ የማወራው ክፉ ነገር የለኝም፤ ክፉው የእኔ ነው፣ እሱንም ዛሬ አልደብቅም።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ቦቲ ጫማ ከእግሩ የማይወልቅ ሰው ነበር። አማርኛው ሀዲይኛ ሀዲይኛ ይላል፤ ቃላቱን አንድ በአንድ እያስቀመጠ ስለሚናገር ግን አጠገቡ ያለነው አዲስ አበቤ ነን ባዮች ሁሉ ለፍላፊ እንመስል ነበር። ጎህ ሲቀድ መንታ መንገድ ላይ ይቆምና ኮፍያውን ያወልቃል፤ ጡሩንባውን ይነፋል፤ ከዚያ የሟቹን ስም፣ የማን አባት የማን ባል እንደሆነ ይናገራል፤ በመጨረሻም «ዓይኔ አይቷል» ይላል። ይህችን ሳይጨምር አንድም ቀን ለፍፎ አያውቅም። ጨርሶ ሲሄድ የጡሩንባውን አፍ በመዳፉ ይከድነዋል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «የቀረ ድምፅ ካለ ወጥቶ ሰው እንዳያስደነግጥ» አለኝ። ቀልድ ይሁን የምሩን ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ዓይኔ አይቷል ማለቱ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ጎረምሳ ሳለ፣ ሥራውን በጀመረ በዓመቱ፣ አንድ የታመመ ሰው ሞቷል ብለው ላኩትና ለፈፈ። አገር ተሰበሰበ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። ሰውዬው ከአልጋው ቀና ብሎ ውሃ ጠየቀ። ከተማው ለአንድ ሳምንት ሳቀ። በሳምንቱ ሰውዬው እውነትም ሞተ፤ ጋሽ ሎምባሞ ቢነፋ፣ ቢጮህ፣ ቢምል ማን ይመነው! አራት ሰው ሆነው ቀበሩት። «አንዱን ጫፍ እኔ ተሸክሜ» አለኝ ሲያወራልኝ። «ያ ሰው በአራት ሰው የተቀበረው በእኔ አፍ ነው።» ከዚያ ወዲህ ሬሳው ያለበት ክፍል ገብቶ፣ ፊቱን ገልጦ ሳያይ ጡሩንባውን አያነሳም። ስለዚህ ሎምባሞ ሞተ ካለ ሞቷል ነው። እናቴ ብትሆን ሐኪሙን ትጠራጠር ይሆናል እንጂ እሱን አትጠራጠርም ነበር።

አሁን ወደ ወይዘሮ ብርቅነሽ ልምጣ። የጊምቢቹ ሰው ናት፤ እዚሁ ሆሳዕና እየኖረች ገበያ ቅቤ ትሸጣለች። ልጇ እንደዚህ አገር ልጅ ሁሉ ሳውዝ እሄዳለሁ ብሎ ወጣ። ደቡብ አፍሪካ ማለት ነው፤ እዚህ ሳውዝ ካልክ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። በስንት ወሩ አብሮት የሄደ ልጅ ደውሎ «ማላዊ ላይ አርፏል» አላት። ጋሽ ሎምባሞ ፎቶ ቤቴ በር ላይ ተቀምጦ ሳለ መጣች።

«ለፍፍልኝ» አለችው። «ልጄን ላልቅስ።»

«አስከሬኑን ማን አየ?»

«ማላዊ ያለውን በምን ልየው፣ ሎምባሞ!»

«እንግዲያ ዓይኔ አላየም።»

ለመነችው፤ እግሩ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። እሱ ራሱን ነቀነቀ። ስትሄድ «ምናለ ጋሽዬ፣ አንዴ ብትነፋላት ምን ትሆናለህ?» አልኩት። «አንዴ ከነፋሁ ማን ይመልሰዋል ሳሚ?» አለኝ። የራሱ ልጅ ተመስገን በዚያው መንገድ ከወጣ አምስት ዓመቱ ነበር። ድምፁ ከጠፋ ደግሞ አራት።

የተመስገን እናት እትዬ አማረች ስልኳን አጥፍታ አታውቅም። መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተር ስላለኝ ወደ እኔ ትመጣለች፤ ስልኳን ትሰካና እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሲሞላ ታየዋለች። «ድንገት ሲደውል ባያገኘኝስ?» ትላለች። የዳምቦያ ልጅ ናት፣ ሳቂታ፣ ነገረኛ። «ያንተ ፎቶ ሰው ያሳምራል፤ ተሜ ሲመጣ በነፃ ነው የምታነሳው» እያለች ታሾፍብኝ ነበር። አንድም ቀን «ከመጣ» ብላ አታውቅም።

ፊልሙ የመጣው በዚህ መሐል ነው። አብሮኝ የተማረ ቢኒያም የሚባል ልጅ አዲስ አበባ ፊልም ተምሮ ተመለሰና ቀን ከሌት ጆሮዬ ላይ ቆመ። «ዘጋቢ ፊልም የሚመስል፣ ግን ከላይ እስከ ታች ፈጠራ የሆነ ነገር እንሥራ» ይለኛል። ካሜራው እንደ ዜና ይንቀጠቀጣል፤ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ምስክርነት ይሰጣል፤ ተራኪው በከባድ ድምፅ ያወራል፤ ነገሩ ግን ሁሉ ውሸት ነው፣ ሳቁም እዚያ ላይ ነው። ታሪኩንም ይዞ መጥቷል፦ መንደሩ በሙሉ ሳውዝ ሄዶበት ብቻውን የቀረ የእድር ጡሩንባ ነፊ። የአንድ ሰው እድር። ማን ይሥራው ብለን ደግሞ አልተጨነቅንም።

ጋሽ ሎምባሞ መጀመሪያ ሳቀ። «እኔ ሞት እንጂ ፊልም አልችልም» አለ። ከዚያ አሰበና እሺ አለን፤ አንድ ነገር ግን ጠየቀ። «መጨረሻው ላይ ውሸት መሆኑን ጻፉበት። ሰው እኔን ያምነኛል።» እንጽፋለን አልን። እኔም ቢኒያምም፣ ሁለታችንም፣ በአፋችን።

ከሆሳዕና ወደ ሆመቾ በሚወስደው መንገድ ዳር በሳውዝ ብር የተሠሩ ቤቶች አሉ፤ በራቸው ተቆልፎ፣ ሣር ግቢውን ውጦት። እዚያ ቀረጽነው። ኧረ ጉድ! ሰውየው ለካ ተዋናይ ነው። ባዶ ወንበር ደርድሮ ስብሰባ ይከፍታል። ስም ይጠራል፣ ራሱ ድምፁን ለውጦ «ሳውዝ!» ይላል፤ ሌላ ስም ይጠራል፣ «ሳውዝ!» ዘግይቶ መጣህ ብሎ ራሱን ይወቅሳል፣ ከዚያ ተነስቶ ይቅርታ ይጠይቃል። ቃሬዛ የመሸከም ልምምድ ያደርጋል፦ የፊቱን ጫፍ አንስቶ ሲራመድ የኋላው መሬት ይጎተታል፤ ዞሮ «አንተ፣ ከፍ አድርግ እንጂ!» ብሎ ማንም የሌለበትን ቦታ ይቆጣል። ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ካሜራው ተንቀጠቀጠ። ቢኒያም «ጥሩ ነው፣ እውነተኛ ይመስላል» አለኝ።

የመጨረሻ ቀን ወንበር ላይ አስቀመጥነውና ምስክርነቱን ቀረጽን። ቢኒያም ጥያቄዎቹን ጽፎ ነበር፤ እነዚያ አለቁ። እኔ፣ እንዲያው ለሳቅ ብዬ፣ ከካሜራው ኋላ ሆኜ «ጋሽዬ፣ ሳትለፍፈው የቀረህ ሞት አለ?» አልኩት።

ኮፍያውን አወለቀ።

«አንድ አለ» አለ። «የልጄ። ተመስገን ሎምባሞ። መንገድ ላይ ነው የሞተው። በየትኛው አገር እንደሆነ አላውቅም። ዓይኔ አላየም። ግን አባት ነኝ፣ አውቄዋለሁ። እናቱ ስልክ ትጠብቃለች፤ እኔ እንዴት ብዬ ልንፋ?»

እኔ ካሜራውን አላጠፋሁም። ጋሽ ሎምባሞ ተነስቶ ወደ እኔ መጣና ክንዴን ያዘኝ። «ሳሚ፣ ይችን አጥፋት። አፌ አምልጦኝ ነው። እናቱ እንዳትሰማ» አለኝ። «እሺ ጋሽዬ» አልኩት። «እሺ በለኝ» አለ ደግሞ። «እሺ አልኩህ እኮ!»

ሳቀናብር ሦስት ጊዜ አወጣኋት፤ ሦስት ጊዜ መለስኳት። ያለ እሷ ፊልሙ ቀልድ ነው፤ ደህና ቀልድ፣ ታይቶ የሚረሳ። ከእሷ ጋር ደግሞ ራሴ እንኳ አይቼ ስጨርስ መልሼ ከመጀመሪያው እከፍተዋለሁ። ሰርግ ሲቀርጽ የኖረ ሰው አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር እጁ ሲገባ ምን እንደሚሰማው ልነግራችሁ አልችልም፤ ስግብግብነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። መጨረሻው ላይ አደረግኳት። «ይህ ፈጠራ ነው» የሚለውንም ጽሑፍ ቢኒያም «ቆይ፣ መጀመሪያ ሰው ይየው፣ በሳምንቱ እንጨምራለን» አለ። እኔም ዝም አልኩ። ዩቲዩብ ላይ ለቀቅነው።

ሐሙስ ለቀቅነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ልቅሶው መጣ።

ሌላ አገር ቢሆን ሰው ፊልም አይቶ ያለቅስና ስልኩን ያስቀምጣል። እዚህ ሞት የሰማ ሰው ቤት ቁጭ አይልም። ተነስቶ ይሄዳል፤ ካልሄደ ነውር ነው። ያውም ሎምባሞ በራሱ አንደበት፣ የልጁን ስም ጠርቶ! እትዬ አማረች ግቢዋን ስትጠርግ ሴቶች «ተሜዋ! ተሜዋ!» እያሉ በሩን በርግደው ገቡ። መጥረጊያውን ጥላ መጀመሪያ የሮጠችው ወደ ስልኳ ነው አሉ። እድሩ ድንኳኑን ይዞ ደረሰ። ከዳምቦያ ወንድሞቿ አይሱዙ ተከራይተው ደረታቸውን እየመቱ መጡ።

ጋሽ ሎምባሞ መሐል ቆሞ «ፊልም ነው! ጨዋታ ነው! የምታዩት ሁሉ ውሸት ነው!» ይላል። ማን ይስማው? አንድ ሽማግሌ ትከሻውን ይዘው «ተው ሎምባሞ፣ አይዞህ፣ ቁጭ በል። በሐዘን አይቀለድም» አሉት። ሐዘኑ ናላውን አዞረው አሉ። ሚስቱ ነጠላዋን አገልድማ ፊቱ ቆመች።

«አንተ ሳታይ አትናገርም» አለችው። «ሠላሳ ዓመት አውቅሃለሁ። ማን ነገረህ? መቼ ነው ያወቅከው?»

«ማንም አልነገረኝም አማረች። ምንም አላውቅም።»

«እንግዲያ ለምን ሞተ አልክ?»

ለባዕድ ካሜራ ያወጣውን ለሚስቱ ማውጣት አቃተው። እሷም ከዚያ በኋላ አልጠየቀችውም። ጎረቤቶቿ ያቀረቡላትን ጥቁር ልብስ ለበሰች።

ወይዘሮ ብርቅነሽም መጣች። አላለቀሰችም። በተደረደረው ሰው መሐል አልፋ እሱ ፊት ቆመችና «የእኔን ልጅ አስከሬን አምጪ አልከኝ» አለችው። «ያንተ የታለ?» ጋሽ ሎምባሞ ቀና ብሎ አያት፣ ከዚያ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

እኔ በዚያን ሰዓት ልናገር መጥቼ ነበር። እውነቴን ነው፤ መንገድ ላይ ሁሉ ቃላቱን ስደረድር ነው የመጣሁት። አጠገቡ ስቀመጥ ገባው መሰለኝ፤ ጆሮዬ ሥር «ዝም በል» አለኝ። «አንተ ገና በዚህ ከተማ ትሠራለህ። ማን ሰርጉን ይሰጥሃል?» ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? እፎይታ። እፍረት የለኝም እንዴ? እፍረትማ አለኝ፤ ግን ያን ቀን የመጣው እፎይታው ነው። እሱ ሦስቱንም ቀን በሐዘንተኛ ወንበር ተቀምጦ፣ «እግዜር ያጽናህ» ሲሉት «አሜን» እያለ ዋለ።

በአራተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ የጡሩንባ ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። የወይዘሮ ብርቅነሽ ሠፈር መንታ መንገድ ላይ ቆሟል። የልጇን ስም ጠራ፣ የእሷን ስም ጠራ። «ማላዊ ላይ አርፏል» አለ። «ዓይኔ አላየም።» ያን ጊዜ ነው የሴትየዋ ለቅሶ የተሰማው፤ ስንት ጊዜ የታፈነ ለቅሶ። እሱ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ እድሩ ሰብሳቢ ቤት ሄደና ጡሩንባውን በር ላይ አስቀምጦ ተመለሰ። ቢለምኑት ቢለምኑት አልወሰደውም።

እትዬ አማረች ከዚያ ወዲህ መብራት ቢጠፋም ወደ እኔ አልመጣችም። ፊልሙስ? ፊልሙማ ያ ጽሑፍ ሳይጨመርበት አዲስ አበባ አንድ ውድድር ላይ ተሸለመልን። «ምርጥ ዘጋቢ ፊልም» ተብሎ! ቢኒያም መድረክ ላይ ወጥቶ አመሰገነ፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ ጥርሴን አሳየሁ። ከላይ እስከ ታች ፈጠራ ያልነው ፊልም ውስጥ እውነት የነበረችው አንድ ነገር ብቻ ናት፤ እሷም አጥፋ የተባልኩት ናት። ያንን ለማን ልንገር? ቢኒያም በዚያው ቀረ። አሁን ማስታወቂያ ይሠራል፣ ይመቸው።

ጋሽ ሎምባሞ ግን ፎቶ ቤት መምጣቱን አላቋረጠም። በሩ ላይ ይቀመጣል፤ ሰው ሲያልፍ ሰላም ይላል፤ አንዳንዱ «ተዋናዩ!» ይለዋል፣ እሱ ኮፍያውን ነካ ያደርጋል። በሁለት ዓመት ውስጥ ያችን ነገር ያነሳት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዝናብ ይዞን ውስጥ ተቀምጠን ነበር።

«አጥፋት ብዬህ ነበር» አለ።

«ብለኸኝ ነበር ጋሽዬ።»

«ረስተህ ነው?»

ፊቱን ሳየው አዎ እንድለው እየለመነኝ መሰለኝ። ወይም እኔ እንዲያ እንዲመስለኝ ፈለግኩ። «አዎ» አልኩት። «ረስቼ ነው።»

«እንግዲህ ሰው ይረሳል» አለና ዝናቡ ሳያባራ ተነስቶ ሄደ። ይቅር ያለኝ ያልሠራሁትን ጥፋት ነው። የሠራሁትን ሳያውቅ ሞተ፤ ወይም እያወቀ ሞተ፣ እሱ ይባስ ያቃጥለኛል።

ቀብሩ ላይ ካሜራ ሳልይዝ ሄድኩ። ከዚያ ወደ ድንኳኑ ገባሁ። ሰው በትሪ ዙሪያ አራት አምስት እየሆነ ቆጮና ጎመን ይበላል። እትዬ አማረች ጥግ ላይ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ ከስታለች፣ ያ ሳቅ የነበረበት ፊት ያ ነው ብሎ ማን ያምናል? አጠገቧ ተንበረከኩ። ዛሬ ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም።

«እትዬ አማረች፣ የዚያን ጊዜ፣ ያችን ስለ ተሜ የተናገራትን፣ አጥፋት ብሎኝ ነበር» አልኳት። «ክንዴን ይዞ ለምኖኛል። አልረሳሁም። እያወቅኩ ነው የለቀቅኳት።»

ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ አየችኝ።

«ለምን አጥፋ አለህ?»

«እናቱ እንዳትሰማ ብሎ።»

«እንደዚያ አለ? እናቱ እንዳትሰማ አለ?»

«አዎ።»

በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። ላጽናናት እጄን ስዘረጋ ሸሸችኝ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ምግቡን ለብቻው አቀርብለት ነበር» አለች። «አንድ ትሪ ላይ እጄን ከእጁ ጋር አልከተትኩም። በልጁ ሞት ስም ያተረፈ ሰው ብዬ። አንድ ቀን እንኳ ለምን አላለኝም።»

ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና ወደሚያስተናግዱት ሴቶች ዞረች።

«ሳሚ አልበላም» አለች። «አቅርቡለት። ለብቻው።»